ተሰዳቢው ይሸልማል

በሰው ልጆች መካከል ከሚደረጉት ውሎች ሁሉ አንድ እንግዳ ውል አለ፤ ይኸውም ሰው በገዛ ገንዘቡ ስድብ የሚገዛበት፣ ስድቡም በሰመረለት መጠን እጁን ደጋግሞ ወደ ኪሱ የሚሰድበት፣ ሰዳቢውንም እንደ ባለውለታ ቆጥሮ አመስግኖ የሚሰናበትበት ውል ነው። ይህ ውል በብራና አልተጻፈም፤ ዋስና ምስክርም አይጠራበትም፤ ነገር ግን በጎንደርም ሆነ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ፣ ማሲንቆ በተያዘበት ቤት ሁሉ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሲፈጸም ይኖራል። አገሬው ነገሩን ስለ ለመደው አይደነቅበትም፤ ልማድ የመደነቅ ጠላት ናትና። እኔ ግን ስለ ሳቅ ባሕርይ የተፈላሰፉትን የባሕር ማዶ ሊቃውንት ባነበብሁ ቁጥር አሳቤ ወደዚያች ጠባብ ክፍል እየተመለሰ፣ እነዚህ ጠቢባን አንዲት ሌሊት እንኳ በአዝማሪ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ መጻሕፍታቸውን እንዲህ አድርገው ባልጻፉ ነበር እያልሁ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ ሰፊ አይደለም። በግድግዳው ላይ ቁርበት፣ ጋሻና አገልግል ተሰቅሎበታል፤ ዱካዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እንግዶቹም ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ስለሚቀመጡ ማንም ሰው በሌላው ጀርባ ተሸሽጎ የሚያመሽበት ጥግ የለም። ይህን ጥበት የድህነት ምልክት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ነገሩን በቅጡ አልመረመረም። በቴአትር አዳራሽ ተዋናዩ በብርሃን፣ ተመልካቹ በጨለማ ይቀመጣሉ፤ ተመልካቹም በጨለማው ተከልሎ የሌላውን ጉድ በነጻ ያያል፤ በአዝማሪ ቤት ግን መብራቱ ለሁሉም እኩል ስለ ሆነ፣ ለማየት የመጣው ሁሉ ለመታየትም መጥቷል። ለመግቢያ የሚጠየቅ ዋጋ የለም፤ ባለቤቲቱ ትርፏን ከቢራውና ከጠጁ ላይ ታነሣለች፤ አዝማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ሳይቆረጥለት በሽልማት ብቻ የሚያድር ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ስንኝ ለእርሱ የዕለት እንጀራ ነው።

ጥበቡን ቀስ ብሎ ለሚከታተል ሰው፣ አዝማሪው እንግዳውን የሚያጠናበት ሥርዓት ከስንኙ ይልቅ ያስደንቃል። እንግዳው ከበር ሲገባ አረማመዱን፣ ሲቀመጥ ከማን ጎን እንደ ተቀመጠ፣ ሲያዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወይም አንገቱን ደፍቶ እንዳዘዘ፣ ሰዓቱን ስንት ጊዜ እንደ ተመለከተ፣ ይህን ሁሉ እጁ ማሲንቆውን ሲመታ ዓይኑ ይለቅመዋል። ስሙን ከአስተናጋጇ ወይም ከጓደኛው በጆሮው ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ከሰውየው ፊት ይቆምና አንዲት ስንኝ አውርዶ ዝም ይላል፤ ማሲንቆው ብቻ ይናገራል። ያልለመደ እንግዳ ይህን ዝምታ ለዜማው ማሳመሪያ የገባ ዕረፍት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚቀጥሉት ሁለት ስንኞች የሚቀመሩበት ጊዜ ነው። አስቀድሞ የሚያገኘውም የሁለተኛውን ስንኝ መምቻ ይመስለኛል፤ መምቻው ከተያዘ በኋላ የፊተኛው ስንኝ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ሆኖ ይጠረጋልና። የሚለው ሁሉ ከባዶ የተፈጠረ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለራሰ በራው፣ ለባለ መነጽሩ፣ ከውጭ አገር ለመጣው፣ አዲስ ሙሽራ ለሆነው፣ ለእያንዳንዱ በቃሉ የያዘው ስንቅ አለው። ነገር ግን የቆየውን ስንኝ በዚያች ሌሊት ለዚያ ሰው ብቻ የተወለደ አስመስሎ ማቅረብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ይህን የቅኔ ቤት ሰዎችም ይክዳሉ ብዬ አልገምትም።

እንግዲህ አንድ ሰው አለ እንበል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ቢራ ይዞ ተቀምጧል። አዝማሪው በአጠገቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ በኋላ ከፊቱ ይቆምና፣ ለሰውየው ያዘነ መስሎ እንዲህ ይለዋል፦

አንድ ጠርሙስ ይዞ ከመሸ ጀምሮ፣
ቢራው አረጀበት ከእጁ ላይ ኑሮ።

አሁን የሚሆነውን በዝግታ እንመልከት፤ የነገሩ ፍሬ በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነውና። ስንኙ እንደ ወረደ ቤቱ ወዲያው በሳቅ ይፈነዳል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ቤት አምሽቶ አያውቅም። ቤቱ መጀመሪያ ዞር ብሎ ተሰዳቢውን ያያል። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል የሁሉም ዓይን በአንድ ፊት ላይ ያርፋል፤ ያም ሰው በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ወይ ይቆጣል፣ ወይ የሳቀ ይመስላል፣ ወይ ይስቃል። ቢቆጣ የሌሊቱ ሰላም ይደፈርሳል፤ አዝማሪው ፈጥኖ በውዳሴ ሊያባብለው ይሞክራል፤ ሌላው እንግዳ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደዚያ ወገን አይመልስም። የሳቀ ቢመስል ደግሞ ነገሩ ከቁጣው ይከፋል፤ ምክንያቱም ጥርስ በትእዛዝ ቢገለጥም ሳቅ በትእዛዝ አይመጣም። ሳቅ ፈቃድ ሳይጠይቅ ከሆድ የሚነሣ፣ ትከሻን የሚያናውጥ፣ ዓይንን በእንባ የሚሞላ የሥጋ ምስክርነት ነው፤ ሰው በአንደበቱ ሲዋሽ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፣ በሳቁ ሲዋሽ ግን ያስታውቅበታል። ሰውየው እውነተኛውን ሳቅ ከሳቀ፣ ይልቁንም ያችን ያረጀች ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ካሳየ፣ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይከተለዋል፤ እርሱም ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። በነገራችን ላይ ሁለተኛ ቢራም ያዛል፤ ባለቤቲቱ አዝማሪ የምታስገባው ለዜማ ፍቅር ብቻ አይደለም።

ሊቃውንቱ ስለዚህ ነገር ምን ይላሉ? አርስጣጣሊስ ከእንስሳት ሁሉ የሚስቅ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ጽፏል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡትም የዚህን ልዩ ጸጋ ምንጭ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌዋታን በተባለው መጽሐፉ፣ ሳቅ የሚነሣው ሰው የሌላውን ጉድለት አይቶ በድንገት በራሱ ሲኮራ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ በእርሱ ዓይን የሚስቅ ሁሉ ከላይ፣ የሚሳቅበትም ከታች ነው። ፈረንሳዊው አንሪ በርግሶን በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሳቅ ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ፣ ልብ ለጊዜው ከርኅራኄዋ ካልተለየች ሳቅ እንደማይመጣ፣ ተግባሩም ኅብረተሰብ እንደ መኪና ደርቆ የሚንቀሳቀሰውን አባሉን የሚገሥጽበት ቅጣት እንደ ሆነ ያስተምራል። ወደ እኛ አባቶች ብንመለስም ጥርጣሬው አይቀርም፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ጌታችን እንዳለቀሰ መጻፉን፣ እንደ ሳቀ ግን የትም አለመጻፉን አንሥቶ ምእመናኑን መክሯል። የሦስቱም መነሻቸው የተለያየ ነው፤ ሆኖም ሳቅ በአንድ ሰው ኪሣራ የሚገኝ ትርፍ ነው በሚለው አሳብ ሳያውቁት ይገናኛሉ።

የበርግሶንን ቃል ፈጽሞ መካድ አይቻልም፤ ባለ አንዲቷ ጠርሙስ ሰው ተገሥጿል፣ ታርሟልም፣ ሁለተኛዋን አዟልና። ግን ተግሣጹ የተለጠፈውን ብር አያስረዳም። ተማሪ የገረፈውን የኔታ በአለንጋው ልክ ገንዘብ አይሸልምም። የሆብስ አሳብ ደግሞ በዚህ ቤት ከቶ መግቢያ የለውም፤ የተሳቀበት ሰው ራሱ ከሁሉ በፊት የሚስቅ ከሆነ፣ ሌላውም የእርሱን ፈቃድ ጠብቆ የሚስቅ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ማን ነው፣ ከታች ያለውስ ማን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው በብሩ የሚገዛው መታወቅን ነው። አዝማሪ ማወደስም ይችላል፤ እንዲያውም ከሚያወርደው ስንኝ የሚበዛው ውዳሴ ነው። ነገር ግን ጀግና፣ ቸር፣ የደግ ልጅ፣ ዘሩ የተባረከ የሚለው ቃል ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ምንም ሳይለወጥ ይሻገራል፤ ውዳሴ እንደ ጋቢ ነው፣ ለማንም ይሆናል፤ ስድብ ግን እንደ ጫማ በልክ ካልተሠራ አይገባም። ሰውን ለማወደስ ስሙን ማወቅ ይበቃል፤ ለመስደብ ግን ሰውየውን ማየት ያስፈልጋል። ከሩቅ አገር መጥቶ በትልቅ ከተማ የሚኖር፣ በመሥሪያ ቤቱ በመታወቂያ ቍጥር፣ በኪራይ ቤቱ በወሩ ክፍያ ብቻ የሚታወቅ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ የያዘ እንግዳ በስሙ ጠርቶ የጠርሙሱን ዕድሜ በሰው ፊት ሲቆጥርለት፣ ስድቡ ከመውጋቱ በፊት አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ይኸውም አንተ እዚህ መኖርህ ታይቷል የሚል ነው። የዚህም ማረጋገጫ ሌሊቱን ሙሉ አዝማሪው ያለፈው እንግዳ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማንም አልነካውም፣ ማንም አላፌዘበትም፣ ክብሩ ሙሉ ነው፤ ሲወጣ ግን ከሁሉ ይልቅ ፊቱ የከፋው እርሱ ነው።

ይህን ከባሕር ማዶ የሳቅ ቤት ጋር ለማነጻጸር ያህል፦ በለንደን፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ኮሜዲ ስቶር የሚባል የሳቅ ቤት ራቁት ጭፈራ ከሚታይበት ክበብ በላይ ተከፈተ፤ በእንግሊዝ አገር በየመጠጥ ቤቱ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሕዝብ የሚያስቅ ሰው እየበዛ የሄደው በተለይ ከዚያ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው ዘመኑ በዚያ መድረክ ላይ ጎንግ የተባለ ትልቅ የነሐስ ደወል ነበረ፤ ሕዝቡ የሰለቸ እንደ ሆነ ደወሉ ይመታና ቀልደኛው ንግግሩን ሳይፈጽም ይወርዳል። ይህ ሥርዓት ጨካኝም ቢሆን ግልጽ ነው፤ በዚያ ቀልደኛው ተከሳሽ፣ ሕዝቡ ዳኛ ነው። በአዝማሪ ቤት ግን ወንበሩ ተገላብጧል፤ በቀልደኛው ፊት ለፍርድ የሚቀርበው እንግዳው ነው። በእኛም አገር እነ ተስፋዬ ካሳ፣ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ቀልድን ወደ መድረክና ወደ ቴሌቪዥን ባወጡት ጊዜ ሕዝቡ በሳቅ ፈርሷል፤ ሳቁ ግን በአጠቃላይ በሰው ጠባይ ላይ እንጂ በስሙ በተጠራ፣ በፊት ለፊት በተቀመጠ ሰው ላይ አልነበረም። ትርፉም ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ሁሉን የሚመለከት ቀልድ ማንንም አያስከፍልም።

የሚከፍለው ሰው ባለ ሥልጣን የሆነ እንደ ሆነስ? እዚህ ላይ ታሪካችን ቀልድ አይደለም። በሩስያ ተምረው የተመለሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ድርሰት ጽፈው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ባሳዩ ጊዜ፣ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ በመብልና በመጠጥ ቤት፣ ያውም በኮሜዲ ጀመረ ማለት ነው። በአውሬዎቹ አንደበት የተነገረው ግን የመንግሥቱን አሠራር የሚነቅፍ ስለ ነበረ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ድርሰቱ ታገደ። መኳንንቱ የተሰደቡት በስማቸው አልነበረም፤ አውሬ ተብለው እንጂ። እንደ አዝማሪው ፊት ለፊት ቆሞ አንተ የሚል ቢገኝ ምናልባት በሳቁና በሸለሙ ነበር፤ በምሳሌ የተነገረውን ስድብ ግን ለየትኛው ሰው እንደ ሆነ ስላላወቁት ሁሉም ለራሱ ወሰደው፤ የማንም ያልሆነ ስድብ የሁሉም ይሆናል።

ከዚህም የከፋ ዘመን መጥቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወራሪውን የጣልያን መንግሥት ወክሎ ይገዛ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን እልቂት ከወረደ በኋላ፣ የፋሺስቱ መንግሥት ጠንቋዮችንና አዋቂ ነን ባዮችን ከአዝማሪዎች ጋር በአንድ መዝገብ አስፍሮ እየተለቀሙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ ምክንያቱም የጣልያን መንግሥት በቅርቡ ያልፋል የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ይዘራሉ ተብለው ነበር። መድፍና አውሮፕላን ያለው ኃይል አንድ ጭራ ብቻ ያለውን መሣሪያ መፍራቱ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለነገሩ ግን ፍርሃቱ ማስተዋል ነበረበት። በተገዛው ሕዝብ መካከል የሚነሣ ሳቅ የወራሪውን ፈቃድ አይጠብቅም፤ የሚሳቅበት ሰው በቤቱ ውስጥ አልተቀመጠምና፣ ስቆ ሸልሞ ነገሩን የሚዘጋበት ዕድልም የለውም። ያው መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ብሎ ያሠራው የካዛንቺስ ሰፈር ኋላ፣ በደርግ ዘመን የነበረው የሰዓት እላፊ ተነሥቶ ሌሊቱ ለሕዝቡ ከተመለሰ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ የአዲስ አበባ አዝማሪዎች ዋና ማምሻ ሆነ። ይህን የመሰለ ፌዝ ታሪክ ራሱ እንጂ አዝማሪ አይገጥመውም። የሰፈሩም ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲባል ፈረሰ፤ ማሲንቆው ግን ተነቃይ ዕቃ ስለ ሆነ ባለቤቱ በብብቱ ይዞት ሄደ።

ቤተ ክህነት አዝማሪውን በበጎ ዓይን አይታው አታውቅም፤ ይሁን እንጂ ከማኅሌቱ ከራሱ የወጣ አንድ ታላቅ ፌዘኛ አላት፤ እርሱም አለቃ ገብረ ሐና ነው። በዝማሜ ስልት አዲስ መንገድ ከፍቶ፣ በልጁ በተክሌ ስም የሚጠራውን አቋቋም ለደብረ ታቦር ያወረሰ ሊቅ፣ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወሰው በመቋሚያው ሳይሆን በቀልዱ መሆኑ ለሊቅነቱ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ በስሙ ከሚነገረውም ቀልድ ስንቱ የእርሱ እንደ ሆነ ለመለየት ጊዜው አልፏል። ከእነዚያ ታሪኮች ግን አንድ ጠባይ ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ አለቃ በብዙዎቹ ያሸንፋል፣ ቍጥራቸው በማይናቅ ታሪኮች ግን ይሸነፋል፤ ሚስቱ ማዘንጊያ ትረታዋለች፣ ባላገሩ ይረታዋል፣ እንጨት ለቃሚዋ ትረታዋለች። ሕዝቡ ይህን ሊቅ የወደደው ሁሉን ስለ ሰደበ አይመስለኝም፤ ሲመለስበት ስለ ተቀበለ ነው።

ዛሬ ግን በአዝማሪ ቤት አንድ ጥያቄ ከብዷል። ቀድሞ አዝማሪው ከእንግዳው ፊት ቆሞ አገርህ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ጎጃምም ሆነ ወሎ፣ ሸዋም ሆነ ጉራጌ፣ ለእያንዳንዱ የተዘጋጀ ሙገሳና የተዘጋጀ ልግጫ ነበረው፤ ያገሩ ዜማ ይመታለት፣ ያገሩ እስክስታ ይወረድለት ነበር። በእነዚህ የጭንቅ ዓመታት ያችው ጥያቄ በአንዳንድ ሌሊት ቤቱን ዝም ታሰኛለች፤ እንግዳው ከመመለሱ በፊት ግራና ቀኙን ያያል፤ አዝማሪውም ብልህ ከሆነ ጥያቄውን ትቶ ወደ ሸሚዙ ቀለም ይሻገራል። እኔ የአንድን ዘመን ጤንነት ለመመርመር ከጋዜጣው ይልቅ ይህችን ትንሽ ጥያቄ አያለሁ። ሰው ስለ አገሩ ተሰድቦ መሳቅ የሚችለው የአገሩ ልጅ መሆኑ በሌላ ስፍራ የማያስከፍለው ሲሆን ነው፤ ውጭ በደም የሚከፈልበትን ነገር ውስጥ በብር መክፈል አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር በእያንዳንዱ እንግዳ እጅ ያለው ስልክ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ተብሏልና አላረዝመውም። ስንኙ በዚያች ክፍል ለዚያ ሰው የተነገረ ነው፤ ሲነገር ሰውየው አለ፣ ሲሳቅ ሰውየው ይስቃል፣ ሲያልቅ ሰውየው ሸልሞ ይዘጋዋል። በማግሥቱ በቲክቶክ ሲወጣ ግን ስድቡ ብቻ ይሄዳል፤ የሰውየው ሳቅ፣ ከፍ ያደረጋት ጠርሙስ፣ የቤቱ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አብረው አይሄዱም። ከቶ የማያውቁት ሺህ ሰዎች በማያውቁት ሰው ላይ ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ ሆብስ ከመቃብሩ ተነሥቶ አላልኋችሁም ቢለን መልስ የለንም። በሽልማት ምክንያት የአዝማሪ ቃል ረክሷል፣ እውነቱን በገንዘብ ይሸጣል እያሉ የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉ፤ እኔ ብሩን አልፈራውም፤ ብሩ ቢያንስ የተሰደበው ሰው በቤቱ ውስጥ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ቀሪው ጥያቄ ሰዳቢውን ማን ይሰድበዋል የሚለው ነው። አዝማሪዎች ባዳ የማያውቀው የእርስ በርስ ቋንቋ እንዳላቸው፣ ቮልፍ ሌስላው የተባለው ምሁር በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች ባሳተመው ጥናት ገልጿል፤ በእንግዳው ፊት ስለ እንግዳው የሚነጋገሩ፣ ሲነጋገሩም የማይታወቅባቸው ሰዎች ናቸው። በዚህም ምክንያት አዝማሪው ሁሉን አይቶ እርሱ ራሱ ሳይታይ የሚያመሽ፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ ለብቻው ጨለማ ያለው ሰው ይመስላል። ለዚህ መድኃኒት የተሠራው ልማድ ተቀበል ይባላል። እንግዳው ተቀበል ብሎ እጁን ካነሣ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን አዘጋጅቶ የተሰጠውን ስንኝ በገዛ ድምፁ ሊያዜም ግዴታ አለበት፤ ስንኙ የሚሰጠውም ተራ በተራ ስለ ሆነ፣ የፊተኛውን ሲያዜም የኋለኛው በማን ላይ እንደሚወድቅ አያውቅም።

አንድ ሌሊት አንድ ጠና ያለ እንግዳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነካካ ያመሸውን አዝማሪ ተቀበል አለውና እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

ጭራው የፈረሱ፣ ቆዳው የፍየሉ፣

አዝማሪው መሣሪያው የተመሰገነለት መስሎት ደረቱን ነፍቶ፣ ማሲንቆውን ከፍ አድርጎ እያሳየ ደጋግሞ አዜመው። እንግዳው አስጠበቀው፤ ከዚያ በቀስታ መለሰበት፦

አንተ በምን ገብተህ ትሸለማለህ? አሉ።

ቤቱ ዞር ብሎ አዝማሪውን አየ። ለፈረሱና ለፍየሉ ክስ መልስ አልነበረውም፤ መልስ ከመፈለጉም በፊት ስንኙን በአፉ ማውጣት ነበረበትና፣ ሳቁ እያቋረጠው፣ ድምፁን ከፊተኛው ይልቅ ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አዜመው። ሲጨርስ ከግንባሩ ላይ አንዱን ብር ላጠና በእንግዳው ግንባር ላይ ለጠፈለት። እንግዳውም ብሩን አልመለሰም፤ አስተናጋጇን ጠርቶ ቢራ አዘዘበት።